ጎንደር ላይ የሃምስተርና የአይጥ ሴል ማሳደግ፦ ሴረሙን ከመውቀሳችሁ በፊት

ማታ ኢንኩቤተር ውስጥ የገባው ፍላስክ ጠዋት ሲወጣ ሚዲያው (ሴሉ የሚያድግበት ፈሳሽ) ብርቱካንማ ቀይ መሆን ሲገባው ወደ ሮዝ፣ አንዳንዴም ወደ ወይን ጠጅ ሄዷል። ሴሎቹ አልሞቱም። ግን በደንብ አልተለጠፉም፣ ጫፋቸው ተኮማትሯል፣ በሁለት ቀን ይሞላል የተባለው ፍላስክ አራት ቀን ይፈጃል። መጀመሪያ የሚወቀሰው ሴሉን የሚመግበው የጥጃ ሴረም ነው፤ ቀጥሎ ሴሉን የላከው ሰው። ጎንደር ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ማንም የማይጠረጥረው አየሩ ነው።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,130 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየር ግፊቷ 78 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው፤ ባሕር ጠረፍ ላይ 101 ነው። የምንከተላቸው መመሪያዎች አብዛኞቹ የተጻፉት ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ባሉ ቤተ ሙከራዎች ስለሆነ፣ «5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ» ወይም «15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ለ15 ደቂቃ» ሲሉ የራሳቸውን አየር ይዘው ነው። ቁጥሩን እንዳለ የቀዳ ሰው ስህተቱን አብሮ ይቀዳል፤ መሣሪያው ደግሞ ምንም አይነግረውም።

መጀመሪያ ስለ ሴሎቹ ትንሽ ልበል። ለእንስሳትና ከእንስሳት ወደ ሰው ለሚተላለፉ ቫይረሶች ሥራ፣ ከአይጠ መጎጥ ወገን ከተገኙት የሴል መስመሮች ሁለቱ አብዛኛውን ሸክም ይይዛሉ። ቢኤችኬ-21 እ.ኤ.አ. በ1961 ማክፈርሰንና ስቶከር ግላስጎው ውስጥ ከተወለዱ አንድ ቀን ከሆናቸው የሶርያ ሃምስተሮች ኩላሊት ያወጡት ነው። በዓመቱ የአፍተግር ቫይረስ በዚህ ሴል ላይ በደንብ እንደሚያድግ ታየ፤ ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ የአፍተግር ክትባት በአብዛኛው የሚመረተው በእሱ ላይ ነው። ኒውሮ-2ኤ ደግሞ በ1969 ክሌብና ራድል ከነጭ አይጥ የነርቭ ዕጢ ያወጡት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ነርቭ ወዳድ ስለሆነ፣ ከመንገድ ውሻ የመጣውን ቫይረስ ያለ ምንም ማለማመድ የሚቀበል ሴል ነው። ቀድሞ የናሙናው አንጎል ሕፃን አይጥ ጭንቅላት ውስጥ ተወግቶ እስከ 28 ቀን ይጠበቅ ነበር፤ በኒውሮ-2ኤ ከሁለት እስከ አራት ቀን ይበቃል። አይጧም ትተርፋለች። ኤል929 የሚባለው አንጋፋ የአይጥ ሴልም አለ፤ ዋና ጥቅሙ ግን ሴል ቫይረስን በሚከላከልበት ፕሮቲን፣ በኢንተርፌሮን፣ ልኬት ላይ ስለሆነ እዚህ አልቆይበትም። ለነገሩ ቢኤችኬ ቫይረስ በቀላሉ የሚያድግበት አንዱ ምክንያት ኢንተርፌሮን የማምረት አቅሙ ደካማ መሆኑ ነው።

ወደ ሐምራዊው ፍላስክ እንመለስ። ቀለሙ የሚናገረው ስለ ፒኤች፣ ማለትም ስለ ሚዲያው አሲድነትና አልካሊነት ነው። የሚዲያው ፒኤች የሚወሰነው በባይካርቦኔቱና ከአየሩ በሚሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሚዛን ነው። የሚሟሟው መጠን ደግሞ የሚከተለው መቶኛውን ሳይሆን ግፊቱን ነው። ኢንኩቤተሩ ውስጥ ካለው ግፊት እንፋሎቱ ብቻውን 6 ኪሎ ፓስካል ገደማ ይይዛል። ከቀረው 72 ላይ 5 በመቶ ማለት 3.6 ኪሎ ፓስካል ነው፤ ባሕር ጠረፍ ላይ 4.75 ይሆን ነበር። በፒኤች ሲተረጎም 0.12 ያህል ወደ አልካሊ መውጣት ነው።

0.12 ብቻውን ለጤነኛ ቢኤችኬ የሚያስጨንቅ አይደለም። የሚጎዳው ከማይስማማ ሚዲያ ጋር ሲደመር ነው። ዲኤምኢኤም የተባለው ሚዲያ በቀመሩ በሊትር 3.7 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት ይዟል፤ ይህ መጠን የሚስማማው ለ10 በመቶ ጋዝ ነው። ብዙ ሰው ግን 5 በመቶ ላይ ያስቀምጠዋል። ያኔ ባሕር ጠረፍ ላይ ፒኤቹ 7.7 ይሆናል፣ ጎንደር ላይ ከ7.8 ያልፋል። ይህን ሚዲያ እዚህ 7.4 ላይ ለማቆም ወደ 13.6 በመቶ ጋዝ ያስፈልጋል። ሲሊንደር ማስጨረስ ነው።

ርካሹ መፍትሔ ባይካርቦኔቱን መቀነስ ነው። ዱቄት ሚዲያ ሲገዛ ባይካርቦኔቱ ብዙ ጊዜ ውስጡ የለም፤ የምንጨምረው እኛ ነን፤ ስለዚህ ሥልጣኑ በእጃችን ነው። ኤምኢኤም የተባለው ሚዲያ ከሆነ በሊትር 2.2 ግራም የሚለውን ትታችሁ 1.5 ግራም ጨምሩ፤ 5 በመቶ ላይ ጎንደር ውስጥ 7.44 አካባቢ ይቀመጣል። ዲኤምኢኤም ከሆነም 1.5 ግራም አድርጉና፣ የቀነሳችሁት ጨው ሚዲያውን እንዳያቀጥነው 1.5 ግራም ተጨማሪ ሶዲየም ክሎራይድ አስገቡ። ይህችን ጨው የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። ኒውሮ-2ኤ የሚያድገው በዲኤምኢኤምና 5 በመቶ ሴረም ስለሆነ፣ ማስተካከያው በተለይ ለእሱ ዋጋ አለው። ከማጣራት በፊት ፒኤቹን ከምትፈልጉት 0.1 ወይም 0.2 ዝቅ አድርጉ፤ በማጣሪያው ሲያልፍ ጋዝ ስለሚያመልጥ ይወጣል።

ሌላው መንገድ ጋዙን ወደ 6.5 በመቶ ከፍ ማድረግ ነው። እዚህ ጋ ግን ወጥመድ አለ። አንዳንድ ኢንኩቤተሮች ጋዙን የሚለኩት በኢንፍራሬድ ነው፤ ይህ መለኪያ የሚያየው የጋዙን ጥግግት እንጂ መቶኛውን አይደለም። ባሕር ጠረፍ ላይ ተስተካክሎ የመጣና የከፍታ ማረሚያ ያልተሞላለት ከሆነ፣ ስክሪኑ ላይ 5 ሲል በእውነት 6.5 ገደማ እያስገባ ነው፤ ሳታውቁት ሒሳቡን ሠርቶላችኋል። በዚያ ላይ እናንተ 6.5 ካላችሁት ሁለት ጊዜ ታረመ ማለት ነው፤ ሚዲያው ወደ ቢጫ ይሄዳል። በሙቀት ማስተላለፍ የሚለኩት ደግሞ በሩ በተከፈተ ቁጥርና እርጥበቱ በተቀየረ ቁጥር ይዋዥቃሉ። ስለዚህ ስክሪኑን አትመኑ። ሴል የሌለበት 10 ሚሊ ሊትር ሚዲያ ክዳኑ አየር በሚያስገባ ፍላስክ አድርጋችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት እንደወጣ በአንድና በሁለት ደቂቃ ውስጥ በተስተካከለ ፒኤች ሜትር ለኩት። 7.2 እና 7.45 መካከል ከሆነ በቃ፣ ስክሪኑ ያለውን ይበል። ከቆያችሁ ጋዙ ይወጣና የምትለኩት የክፍሉን አየር ይሆናል።

ሁለተኛው የከፍታ ዕዳ በእንፋሎት የሚያመክነው ድስት፣ አውቶክሌቩ ነው። ጎንደር ላይ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ መሆኑን ባቄላ የቀቀለ ሁሉ ያውቀዋል። የአውቶክሌቭ ጌጅ የሚያሳየው ከውጪው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። ጌጁ 15 ፒኤስአይ ሲል ውስጡ 121 ሳይሆን 117 ዲግሪ ነው። 121 ለመድረስ ጌጁ ላይ 18.4 ፒኤስአይ፣ ማለትም 1.27 ባር መነበብ አለበት። ድስቱ ወይም የደኅንነት ቫልቩ ለዚያ ያልተሠራ ከሆነ ቫልቩን እንዳትነኩ፤ ጊዜውን አርዝሙ። በ117 ዲግሪ የ15 ደቂቃውን ሥራ ለመጨረስ 40 ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። ከዚያ በፊት እንፋሎቱ አምስት፣ አሥር ደቂቃ አየሩን ገፍቶ ይውጣ፤ የታሰረ አየር ካለ ጌጁ ይዋሻል። በሙቀት መለኪያ የሚቆጣጠሩት ዘመናዊዎቹ ይህ ችግር የለባቸውም። ባለ መስመሩ ቴፕ መጥቆሩ የሚያሳየው እንፋሎት መንካቱን ብቻ ነው፤ እርግጠኛ የሚያደርገው ሙቀት የሚቋቋም የባክቴሪያ ስፖር የያዘው ወረቀት ነው። ጨው ውሃ ብቻ የምናመክን ቢሆን አጣሪ አለ እንል ነበር። እዚያ የሚገባው ግን የቫይረሱ ቆሻሻም ስለሆነ፣ በ117 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ብቻ ተቀቅሎ ወደ ማቃጠያ የሚወጣ ከረጢት ቀልድ አይደለም።

ሦስተኛው ትነት ነው። ግፊቱ ሲያንስ ውሃ ቶሎ ይተናል። በበጋ፣ የጎንደር አየር በደረቀበት ወራት፣ ባለ 96 ጉድጓድ ሳህን ዳር ያሉት ጉድጓዶች በሁለት ቀን ውስጥ ይጨዋሉ፤ ሴሎቹ ይሸበሸባሉ፤ ሳህኑን የሚያነበው ሰው «ቫይረሱ ገደላቸው» ይላል። ዳር ያሉትን 36 ጉድጓዶች በጨው ውሃ ሙሏቸውና ሥራውን በመካከለኞቹ 60 ላይ ሥሩ። የኢንኩቤተሩ ትሪ የተጣራ ውሃ ሳይጎድልበት ይቆይ። ከአንገረብ የሚመጣው የቧንቧ ውሃ ለትሪም ለሚዲያም አይሆንም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሳምንት ማጣሪያው ይቆማልና ቀድሞ ማጠራቀም ነው።

አያያዙን በአጭሩ። ከፈሳሽ ናይትሮጅን የወጣውን የሴል ብልቃጥ 37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ እያወዛወዛችሁ አቅልጡ፤ የሽምብራ ፍሬ የምታህል በረዶ ስትቀር አውጡት። ብልቃጡ ሊፈነዳ ስለሚችል የፊት መከለያ አድርጉ። 9 ሚሊ ሊትር ሞቅ ያለ ሚዲያ ላይ በጠብታ ጨምሩ፣ በ200 ጂ (የመሬት ስበት 200 እጥፍ) ለአምስት ደቂቃ አዙሩ። 15 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ያለው ሴንትሪፊውጅ ላይ ይህ 1,100 ዙር በደቂቃ ነው፤ ከዚያ በላይ የምታዞሩ ሰዎች ሴሉን እያደቀቃችሁት ነው። ቢኤችኬ 10 በመቶ ሴረም ይወዳል፤ ሲሞላ ከ1 ለ5 እስከ 1 ለ10 ይካፈላል። ሴሉን ከፍላስኩ ከሚያላቅቀው ኤንዛይም፣ ከትሪፕሲን፣ በፊት ካልሲየምና ማግኒዚየም በሌለው ጨው ውሃ ሁለት ጊዜ እጠቡ፤ የቀረች ሴረም ትሪፕሲኑን ታከሽፈዋለች። ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ለቢኤችኬ ይበቃል። ኒውሮ-2ኤ ግን የተለጠፈው በስሱ ነው፤ የፍላስኩን ጎን በመዳፍ መታ መታ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል። በትሪፕሲን ያቆያችሁት እንደሆነ ከተሰበሩት ሴሎች የወጣው ዲኤንኤ እንደ ተልባ ያዝለገልገውና እንደገና አይነጣጠልም። 1 ለ4 አካፍሉ፤ 80 በመቶ ሳያልፍ ያዙት። ሁለቱንም ከባንኩ (በናይትሮጅን ከተቀመጠው ክምችት) ካወጣችሁ ከ20 ፓሴጅ (ማካፈል) በላይ አትግፏቸው። ያረጀ ኒውሮ-2ኤ ፍላስኩን ይሞላል፣ ግን ለቫይረሱ ያለው ስሜት እንደ ድሮው መሆኑን ማንም አያረጋግጥላችሁም።

የእብድ ውሻ ምርመራ ላይ ሴሉ ሁለተኛ ነው፤ መጀመሪያ የሚሠራው በቀጥታ አንጎሉ ላይ የሚደረገው የፍሎረሰንት ፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ነው። አጠራጣሪ ሲሆን ወይም ውጤቱ መረጋገጥ ሲፈልግ ወደ ኒውሮ-2ኤ ይኬዳል። እዚህ ጋ ተማሪን የሚያታልለው ነገር፣ ይህ ቫይረስ ሴሉን ብዙ ጊዜ አይገድለውም። በተራ ማይክሮስኮፕ ቢታይ ሁሉም ሰላም ነው። ሴሉ በ80 በመቶ አሴቶን ለ30 ደቂቃ ተጠብቆ በሚያበራው ፀረ እንግዳ አካል ሲቀለም ነው አረንጓዴ ነጠብጣቡ የሚታየው። አሴቶኑ 80 እንጂ 100 በመቶ አይሁን፤ ንጹሕ አሴቶን የፕላስቲኩን ሳህን ያሟሟዋል። ከናሙናው ጎን ሁልጊዜ ሦስት ነገር ይቁም፦ ምንም ያልገባበት ሴል፣ ነፃ መሆኑ የታወቀ አንጎል የገባበት፣ እና መደበኛው የፈተና ቫይረስ የገባበት። ሦስተኛው ካላበራ የዚያ ቀን «ኔጌቲቭ» ሁሉ ዋጋ የለውም።

ሌላው አታላይ የበሰበሰ አንጎል ነው። ከመተማ ቆላ በሙቀት የመጣ ጭንቅላት ሴሉን በመርዙ ይፈጀዋል፤ ሴል ከሌለ የሚያበራም የለም፤ ወረቀቱ ላይ ግን «ኔጌቲቭ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ትክክለኛው ቃል «ሊነበብ ያልቻለ» ነው። በረዶ ከሌለ 50 በመቶ ግሊሰሮል ያለበት ጨው ውሃ አንጎሉን በመንገድ ያቆየዋል፤ ሴል ላይ ከመግባቱ በፊት ግን ግሊሰሮሉ ታጥቦ ይውጣ፣ እሱም ለሴሉ መርዝ ነው። የተነከሰው ሰው ደግሞ ይህን ሁሉ አይጠብቅ፤ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ ያኔውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

ሠራተኛው አስቀድሞ የተከተበና የፀረ እንግዳ አካሉ መጠን በሚሊ ሊትር ቢያንስ 0.5 ዓለም አቀፍ አሐድ መሆኑ የተለካ መሆን አለበት። ሥራው ደረጃ ሁለት የባዮሴፍቲ ካቢኔት ውስጥ ነው። አየር ወደ ሠራተኛው ፊት የሚነፋው ንጹሕ ጠረጴዛ ሚዲያ ለማዘጋጀት ጥሩ ነው፤ ቫይረስ የያዘ ሰው ግን እዚያ አይቀመጥ። ከሩቅ ሲታዩ ስለሚመሳሰሉ ነው ማንሳቴ።

ስለ አፍተግር ሳነሳ ቢኤችኬን ከሚገባው በላይ የሚያምኑ አሉ። ከላም አፍ የተቆረጠ ቆዳ ቫይረሱ ጥቂት ከሆነ ቢኤችኬ ሊስተው ይችላል፤ የጥጃ ታይሮይድ የመጀመሪያ ደረጃ ሴል ከእሱ ይበልጥ ይሰማል። ቫይረሱ በእንስሳው ውስጥ የሚገባው ኢንቴግሪን በሚባል በር ነው። ቢኤችኬ ላይ ደጋግሞ ሲያልፍ ሄፓራን ሰልፌትን መያዝ ይለምዳልና ቅርፊቱ ከሜዳው ቫይረስ ይለያል። ስለዚህ ዘረመል የሚነበበው ከዋናው ናሙና ወይም ከመጀመሪያው ፓሴጅ ነው፣ ከስድስተኛው አይደለም። ፒኤች እዚህም አይለቀንም፦ ይህ ቫይረስ ከ6.5 በታች ቶሎ ይሞታል፤ ናሙናው የሚጓዘው ፒኤቹን ከ7.2 እስከ 7.6 በሚጠብቅ ፈሳሽ ውስጥ ነው። በሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የለም ማለት ይቻላል፤ ከላቦራቶሪ በጫማ ወጥቶ በረት ሲገባ ግን የሚያስከፍለው አርሶ አደሩን ነው። ፈቃድና መከለያ በሌለበት ክፍል አይሞከርም።

የአይጥ ሴል የማይሠራበትንም ማወቅ ጊዜ ያተርፋል። የበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታ ቫይረስ የሚፈልገው የበግ ወይም የፍየል ስላም የተባለውን ተቀባይ ነው፤ እሱ የተተከለበት የጦጣ ኩላሊት ሴል ነው የሚሻለው። ከግመል የሚመጣው የሜርስ ኮሮና ቫይረስም በአይጥና በሃምስተር ዲፒፒ4 በተባለው ተቀባይ አይገባም። በእነዚህ ሴሎች ላይ ምንም አለመታየቱ ናሙናው ውስጥ ቫይረስ የለም ማለት አይደለም፤ በሩ አልተከፈተም ማለት ነው።

ብክለት ሲባል ሁሉም የሚያስበው የክረምቱን ሻጋታ ነው። ሻጋታ ግን ሐቀኛ ነው፣ ይታያል። ማይኮፕላዝማ የተባለው ደቃቅ ባክቴሪያ ግን አይታይም፣ ሚዲያውን አያደፈርስም፣ በ0.2 ማይክሮን ማጣሪያም ያልፋል፤ ሴሉን ያቀጭጨዋል፣ የቫይረሱንም ውጤት ያዛባል። በወር አንድ ጊዜ በፒሲአር ወይም ዲኤንኤ በሚያበራ ቀለም ፈትሹ። አዲስ የመጣ ሴል ውጤቱ እስኪታወቅ ለብቻው ይቆይ። የጥጃ ሴረም የቦቫይን ቫይራል ዳያሪያ ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ በከብት ቫይረስ ላይ ለሚሠራ ሰው ይህ ፈተናውን ከነመልሱ ማበላሸት ነውና ጋማ ጨረር ያለፈበትን ግዙ። ምንጩ ያልታወቀ የአይጥ ወይም የሃምስተር ሴል ደግሞ ኤልሲኤምቪ የተባለውን የአይጥ ቫይረስ ይዞ ሊገኝ ይችላል፤ ሰው ይይዛል፣ ለነፍሰ ጡር በተለይ አደገኛ ነው። ከጓደኛ ቤተ ሙከራ በኪስ የመጣ ፍላስክ ከእነማስረጃው ካልሆነ ይቅር።

ባንኩን በሁለት ቦታ አስቀምጡ። ለማቀዝቀዝ 90 በመቶ ሴረምና ሴሉን ከበረዶ ጉዳት የሚጠብቀው ዲኤምኤስኦ 10 በመቶ፣ በደቂቃ 1 ዲግሪ እየወረደ እስከ 80 ዲግሪ ከዜሮ በታች፣ በማግሥቱ ወደ ናይትሮጅን። ናይትሮጅኑን ለከብት ማዳቀል የሚያመላልሱ ባለሙያዎች ጠባዩን ከእኛ በላይ ያውቁታል፤ ከእነሱ ጋር መወዳጀት ነው። አንድ ሊትሩ ቢደፋ ጎንደር ላይ 900 ሊትር ገደማ ጋዝ ይሆናል፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ በሩን ሳትከፍቱ አትሙሉ።

መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያው ሕግ የኢንኩቤተሩን በር አለመክፈት ነው። ረዘም እንደሚል ከታወቀ፣ ወይም እንደ ጥምቀት ሰሞን ከተማው ሁሉ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ወርዶ ቤተ ሙከራ የሚገባ ሰው ከሌለ፣ ጥር 9 ቀን ከሰዓት ፍላስኩን ጋዝ በጠጣ ሚዲያ እስከ አንገቱ ሙሉት፣ አየር የማያስገባ ክዳን አጥብቃችሁ ግጠሙ፣ ከፀሐይ ራቅ አድርጋችሁ ጠረጴዛ ላይ ተዉት። ሴሉ ወለሉን ግማሽ ያህል የሸፈነበት ፍላስክ ለዚህ ይመረጣል፤ ሙሉ በሙሉ የሸፈነው ይላጣል። በክፍሉ ሙቀት ሴሉ እድገቱን ገትቶ ሦስት፣ አራት ቀን ይቆያል። ስትመለሱ ሚዲያውን ቀንሳችሁ 5 ሚሊ ሊትር አስቀሩ፣ ክዳኑን አላሉ፣ ኢንኩቤተር ውስጥ አሳድሩት፤ ማካፈሉ ከማግሥቱ በፊት አይሁን።